በክብር ስለ መሸነፍ

ለአለቃው ተሸንፎ የማያውቅ ሰው ስለ መሥሪያ ቤት ሕይወት ምንም አያውቅም። እኛ እናውቃለን። ድፍን ሁለት ዓመት አንድም ቀን ሳናሸንፍ ኖረናል፤ ይህንንም የምለው ደረቴን ነፍቼ ነው።

ነገሩ የተጀመረው አዲሱ የመምሪያ ኃላፊ የመጡ ዕለት ነው። በትውውቁ ስብሰባ ስለ ዕቅድ አፈጻጸም እንሰማለን ብለን ማስታወሻ ደብተራችንን ብንዘረጋ፣ እሳቸው ስለ ኳስ ተናገሩ። በልጅነታቸው የአባታቸውን ካልሲ በጨርቅ ጠቅጥቀው ኳስ እየሠሩ፣ እናታቸው ነጠላውን ካልሲ ይዘው እያሳደዷቸው እንዳደጉ፤ ጎልምሰውም ጉልበታቸው እስኪከዳቸው በግራ ክንፍ እንደተጫወቱ፤ ጉልበት እምቢ ሲል ወደ ቪዲዮ ጌም እንደዞሩ በዝርዝር አስረዱን። በሳምንቱ የገዛ ጌማቸውን ከቤት አምጥተው አዳራሹ ጥግ ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኙት።

«ከምሳ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንጫወታለን» አሉ። «በነጻነት!»

ይህን ቃል ስንሰማ ሁላችንም ደነገጥን። የምክትል ኃላፊው ወንበር ያኔ ባዶ ነበር። ወንበሩ ባዶ በሆነበት ቤት ደግሞ ጨዋታ የሚባል ነገር የለም።

የዕቅድ ክፍል ኃላፊው ቀዳሚ ሆነ። ግብ ጠባቂውን መሀል ሜዳ ድረስ አስወጥቶ በሩን ለኃላፊያችን ክፍት ተወላቸው። የሰው ኃይል ኃላፊው ጆይስቲኩን ገልብጦ ያዘ። እኔ የሕዝብ ግንኙነቱ ባለሙያ፣ አንድ ጊዜ በስህተት አግብቼ ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ በጽሑፍ።

በወር አንዴ ሜዳም እንወርድ ነበር። ኳሱ ከኃላፊው እግር ተነስቶ እያዘገመ ሲመጣ፣ በር ላይ የሚቆመው የዕቅድ ክፍል ኃላፊ በተቃራኒው አቅጣጫ እንደ ነብር ይወረወራል። አንድ ቅዳሜ ኳሷ መስመሩ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። ከወደቀበት ተነስቶ በተረከዙ ገፋ አደረጋትና አቧራውን እያራገፈ «አቤት ምት!» አለ።

ኃላፊያችን አንድ ሰሞን «በደንብ ተጫወቱ» የሚል ሰርኩላር አወጡ። የሰው ኃይል ኃላፊው ስብሰባ ጠርቶ ተነተነልን። «በደንብ ማለት በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ማለት ነው። ደንቡ ምን ይላል? የበላይን ማክበር!» በማግስቱ ዘጠኝ ለዜሮ ተሸነፍን።

እንዲህ በሰላም ስንኖር የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ መጣች። አርባ ዓመት የሞላት፣ ከአራት ወንድሞች ጋር ኳስ እየተጋፋች ያደገች ሴት ናት። ፋይል ልታስፈርም ወደ አዳራሹ ብቅ ስትል፣ ኃላፊው «ነይ እስቲ፣ አንቺም ሞክሪ» አሏት።

«እኔ እንኳ ኳስ ላይ ቀልድ አላውቅም» አለች።

እውነቷን ነበር። ሦስተኛውን ስታገባ የሰው ኃይል ኃላፊው «እህ እህ» ብሎ ሳለ። አምስተኛውን ስታገባ እግሯን ረገጥኳት።

«እግሬን እኮ ረገጥከኝ!»

«አውቃለሁ» አልኳት በሹክሹክታ።

ሰባት ለዜሮ። ኃላፊው ጆይስቲኩን ቀስ ብለው አስቀመጡና ዝም ብለው ወጡ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የአለቃ ዝምታ ግን ካልተረጎሙት ይነቅዛል። እኛም ወዲያው ተረጎምነው። ሳይመሽ «ለሥራው መቀላጠፍ ሲባል» የሚል ደብዳቤ ተጽፎ ሴትዮዋ ከጓሮ ወዳለው የዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች።

ከዚያ ወዲህ ኃላፊያችን ከምሳ በኋላ መጥፋት ጀመሩ። ጌማቸውንም «ይጠገን» ብለው ወሰዱት። የጥበቃ ሠራተኛው ወደ ግምጃ ቤቱ ሲገቡ እንዳያቸው ነገረን። እኔም በወሩ መጽሔታችን «ኃላፊው በንብረት ቁጥጥር ያሳዩት ቁርጠኝነት» ብዬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ይህ ሁሉ ልፋት ለብቻቸው አይገባም ብለን፣ ሦስታችንም የቆጠራ ቅጽ ታቅፈን ልናግዛቸው ሄድን።

በሩን ስንከፍት ኃላፊያችን ኮታቸውን አውልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የተሰበረ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አሮጌ ቴሌቪዥን፣ እጃቸው ላይ «ይጠገን» የተባለው ጌም ጆይስቲክ፤ ላብ በላብ ሆነዋል።

«ኦፍሳይድ ነው!» ይላሉ።

«የምን ኦፍሳይድ? ተከላካይዎ ተኝቶ ነው እንጂ» ትላለች ሴትዮዋ።

በዚያው ቅጽበት አገቡ። ያን የታመመ ጉልበት ይዘው ዘለሉ! ሲያርፉ እኛን አዩ፤ ፊታቸው ያልጠሩት እንግዳ እንደመጣበት ሰው ጭፍግግ አለ።

«ጌታዬ፣ ይህች ሴት እኮ ሰባት ያገባችብዎት ናት» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«አሁን ስልሳ ሦስት ደርሳለች» አሉ በኩራት። «እኔም ዛሬ ሁለተኛዬን አገባሁ። የምሬን!»

«ከእኛ ጋር እኮ በየቀኑ ያገቡ ነበር።»

«ከእናንተ ጋር መጫወት ባዶ ቤት እንደማንኳኳት ነው። ኳሷን በተረከዙ ያስገባልኝን ሰው ያላየሁ መሰላችሁ? እኔን ያመመኝ ጉልበቴ ነው፣ ዓይኔ አይደለም።»

ቅጻችንን እንደታቀፍን ወደ በሩ አፈገፈግን። እሳቸው ግን አዘኑልን መሰል፣ ሌላ ወንበር ገፋ አደረጉልን።

«ለምክትልነት ነገ ስም እልካለሁ። በሥራ እንደሆነ ሦስታችሁም ያው ናችሁ። ቁጭ በሉ። የምሩን ተጫውቶ የሚያሸንፈኝ ካለ የሱን ስም እልካለሁ።»

እንዴት ያለ ደስታ ነው! ማሸነፍ በመመሪያ ተፈቀደ። የዕቅድ ክፍል ኃላፊው እጁን አፋትጎ ተቀመጠ። ግብ ጠባቂው ግን ማንም ሳያዘው መሀል ሜዳ ድረስ ወጣ፤ ጣቱ ለምዶ ነው ያስወጣው። አምስት ለዜሮ። የሰው ኃይል ኃላፊው ጆይስቲኩን በትክክል ያዘ፤ ነገር ግን የትኛው ቁልፍ ወደ ግብ እንደሚመታ ለካ ጨርሶ አያውቅም። ስድስት ለዜሮ። እኔ ባዶ በር ፊት ለፊት ኳስ ደረሰኝ። አውራ ጣቴ ተንቀጠቀጠ። ኳሱን ወደ ኋላ መለስኩት፤ እየተንከባለለ የራሴ በር ገባ። «ይቅርታ» አልኩ፣ ማንን እንደሆነ እንጃ።

ኃላፊው ከወንበራቸው ተነሱ። «አሁንም ታስመስላላችሁ!»

«እናቴ ትሙት፣ የምሬን ነው!»

«ልጆቼን ይንሳኝ!»

አላመኑንም። ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። እጇን አጣጥፋ ስታየን ቆይታ ነበር።

«ይመኗቸው» አለች። «እንዲህ አድርጎ ማስመሰል አይቻልም።»

በማግስቱ የተላከው ስም የእሷ ነበር። የሹመቱን ዜና ጻፍ ተብዬ የታዘዝኩትም እኔ ነኝ። «ከመጀመሪያዋ ቀን አንስቶ ችሎታዋን ስናደንቅና ስንደግፍ የኖርነው…» ብዬ ጀመርኩ። እጄ አንዴም አልተንቀጠቀጠ።