የአቶ ይገዙ አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ እንኳ «አጀንዳው ምንድን ነው?» የሚል። ከአዲሱ ገበያ በላይ ባለው እድር ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አቶ ይገዙ ናቸው። የእድሩ ጸሐፊ ናዝሬት ስለ እሳቸው ስትጠየቅ መጀመሪያ የምታሳየው ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ ያበጠባትን ጣቷን ነው።

አቶ ይገዙ በስድሳ ስድስቱ አብዮት ዊንጌት ተማሪ ነበሩ። በሰልፉ መፈክር ሳሰማ የተዘጋው ድምፄ እስከ ዛሬ በቅጡ አልተከፈተም ይላሉ፤ ሰፈሩ ግን አያምናቸውም። ከዚያ ወዲህ በመጣው መንግሥት ሁሉ ስብሰባ ላይ እጃቸውን እያወጡ «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» ሲሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ፊታቸውን ወደ እድሩ አዞሩ።

የድሮው ደንብ አንድ ገጽ ነበር። የሞተ ይቀበራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ አለቀ። አቶ ይገዙ ሰባ ሦስት አንቀጽ ጽፈው መጡ፤ ሌላው ደንብ ሲለው እሳቸው ሕገ መንግሥት ይሉታል። መግቢያው ላይ ያለችው «እኛ» ብቻዋን ሁለት እሑድ ፈጀች፤ ምክንያቱም ወይዘሮ ባዩሽ ተነሥተው፣ ንፍሮ ሲቀቀል እኛ ነን፣ ወረቀቱ ላይ ግን የባሎቻችን ስም ብቻ ነው ያለው ብለው ጠየቁ። ሚስቶችም በስማቸው አባል ሆኑ። አቶ ደቻሳ ደግሞ ደንቡ በኦሮምኛም ይነበብ አሉ። አቶ ይገዙ ሐሳቡን ደግፈው፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ በሁለት ቋንቋ ማንሣት ጀመሩ።

ከሁሉ በላይ የታገሉለት ግን አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ ነው። የእድር ዳኛ ሦስት ሦስት ዓመት፣ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። «ወንበር ይለመዳል» ይላሉ። ይህን ባሉ በወሩ ዳኛ ሆነው ተመረጡ።

ለመዱትም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከቤት የሚያወጣቸው የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ነበር። ድንኳኑን ያናፍሳሉ፣ ብረት ድስቱን ይቆጥራሉ፣ የጎደለ ባይኖርም ደግመው ይቆጥራሉ። ናዝሬት ወደ ሥራ ስትሄድ ታያቸዋለች፤ ያለዚያ ቁልፍ ቀኑ እንዴት ይመሽላቸው ይሆን እያለች ትሰጋ ነበር።

ባለፈው ሚያዝያ ስድስት ዓመቱ ሞላ። አንቀጹ ተሻሽሎ ይቀጥሉ የሚል ሐሳብ ያቀረቡት፣ ይባስ ብሎ፣ የዘወትር ተከራካሪያቸው አቶ ደቻሳ ሆኑ። ጉዳዩ ስለ ራሳቸው ነውና አቶ ይገዙ ከመድረኩ ወርደው ከአባላቱ መካከል ተቀመጡ። የተገኘው ሰው መቶ ሃያ ስድስት፣ ለማሻሻያ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛው፣ ሰማንያ አራት ድምፅ ነው። ናዝሬት ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ሰማንያ ሦስት። አቶ ይገዙ አቀርቅረው ቁልፏን በጣታቸው ያዞራሉ። ከዚያ ቀስ ብሎ እጃቸው ወጣ። ናዝሬት እፎይ ብላ ሰማንያ አራት ብላ ጻፈች፤ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ» አሉ አቶ ይገዙ።

ጭብጨባው ቆመ።

«ልጄ፣ የጻፍሽውን ሰርዢ። እጄን ያወጣሁት ለመናገር ነው። ማሻሻያ ከዐሥራ አምስት ቀን በፊት ይለጠፋል ይላል አንቀጽ ሰባ አንድ፤ ይኼ አልተለጠፈም። ቢለጠፍም እጄ አይወጣም። ሕዝቡ ለምኖኝ ነው የሚል መሪ ብዙ አይቻለሁ፤ አንዱም በጊዜው ሲወርድ አላየሁም።»

ቁልፏን ጠረጴዛው ላይ አኖሯት። ናዝሬት ሰረዘች፤ ስትሰርዝ እንባዋ መጣ፣ ኮራችባቸውም።

ከዚያ አቶ ደቻሳ ተመረጡ። በመጀመሪያው ስብሰባቸው አጀንዳው በአርባ ደቂቃ አለቀ፤ በእድሩ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ግን ማንም ደስ አላለውም። አቶ ይገዙ ከኋላ ወንበር እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለዋል። አቶ ደቻሳ ስብሰባውን ለመዝጋት ተነሥተው፣ ሳይዘጉ ቆሙ።

«አቶ ይገዙ፣ ምነው፣ ዛሬ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ የለዎትም?»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«እንግዲህ ከተጠየቅሁ፣ አራት አሉኝ።»

ሰዉ ሁሉ እያጉረመረመ፣ ግን ደስ ብሎት፣ ተደላድሎ ተቀመጠ። ናዝሬት አዲስ ገጽ ገለጠች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ፣ ምናልባት ብላ፣ ሁለተኛ እስክሪብቶ ይዛ ነበር።