አርብ እረፍት ነበር

እዚህ አገር ድካም ማስረጃ ይጠየቅበታል። «ደክሞኛል» ብትሉ ሰው አክብሮ ያዳምጣችኋል፤ ከዚያ «ሲከመልዲንጉ የት አለ?» ይላችኋል፣ ሐኪም ፈርሞ መድከማችሁን የሚያረጋግጥበት ወረቀት። እኔ ሄልስፊር በሚባል ሰፈር አንድ ባለ ዘጠኝ ፎቅ መሥሪያ ቤት ማጽዳት ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ስንት ጊዜ እንደደከመኝ የመዘገበ የለም። የቢሮዎቹ ሰዎች ግን አሁን አሁን እንቅልፍ በሚለካው የእጅ ሰዓታቸው ነው የሚደክሙት። ጠዋት አሳንሰር ውስጥ አንዱ እጁን ገልጦ ያይና «ዛሬስ ደክሞኛል» ይላል። ሰዓቱን ሳያይ ደህና ነበር።

ድሮ በዚህ እስቅ ነበር። አሁን ለመሳቅም ጉልበት ይጠይቃል።

የእህቴ ልጅ ብሌን ራግቢ ሊግ ትጫወታለች። ጨዋታውን ለማታውቁት፣ እኔም ሦስት ዓመት ሜዳ ዳር ቆሜ የገባኝ ይህን ያህል ነው። አሥራ ሦስት ሴቶች እንቁላል የመሰለ ኳስ ይዘው በሌሎች አሥራ ሦስት ሴቶች ላይ ይሮጣሉ። ኳሷን የያዘችውን ወገቧን ታቅፈው ይጥሏታል። የጣለቻትም አብራ ትወድቃለች። ሁለቱም ይነሳሉ። የጣለው ወገን አሥር ሜትር ወደኋላ ያፈገፍጋል፣ ተመልሶ ወደፊት ይሮጣል፣ ደግሞ ይጥላል፣ ደግሞ ይነሳል። ሰማንያ ደቂቃ። ተመልካች ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው፤ ዋናው ሥራ ግን ከመሬት መነሳት ነው። ብሌን የምትሰለፈው መሐል ላይ፣ ግጭቱ የሚበዛበት ቦታ ነው። ብዙ አትሮጥም። ብዙ ትወድቃለች።

አሰልጣኟ ሂልደ ይህን ሁሉ ትለካለች። በጨዋታ ቀን ልጆቹ ከማልያቸው ሥር ጠባብ ሰደርያ ይለብሳሉ፤ ጀርባው ላይ የክብሪት ሳጥን የምታክል መሣሪያ ተሸጉጣለች። ምን ያህል እንደሮጡ፣ ስንቴ እንደተጋጩ፣ ከወደቁ በኋላ ለመነሳት ስንት ሰከንድ እንደፈጀባቸው ትናገራለች። በሌላው ቀን ደግሞ እንቅስቃሴን የሚመዘግብ የእጅ ማሰሪያ አለ። ሲተኙም አይወልቅም።

ዘንድሮ በፋሲካችን ዋዜማ፣ ቅዳሜ፣ ለብሔራዊ ቡድን ተጫዋች የሚመረጥበት ግጥሚያ ነበር። ብሌን ይህን ቀን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትጠብቅ ኖራለች። ሂልደም አርብን ሙሉ እረፍት አድርጋ፣ እያንዳንዷ የት እንደምትውል ጠየቀች። አንዷ ቤት ለምትቀይር ጓደኛዋ ዕቃ ልታጓጉዝ ነው፤ ተከለከለች። አንዷ ጫካ ለጫካ ልትሮጥ ነው፤ እሷም ተከለከለች። ብሌን «ቀኑን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ነኝ» አለች።

«ከብሌን ተማሩ» አለቻቸው ሂልደ።

በሂልደ አትፍረዱ። እሷ የምታውቀው ቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ወንበር አለው። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ኦርጋን ያዳምጣል፣ ለመዝሙር ይነሳል፣ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ብሌንስ ለምን አላስረዳችም ትሉኝ ይሆናል። ስግደት ልምምድ መሆኑ አልታያትም። ለማን ይታየዋል?

አርቡ ስቅለት ነበር።

የምንከራየው ቤተ ክርስቲያን የኖርዌጂያኖቹ ነው። ወንበሮቹን ግድግዳ ጥግ ደርድረን ምንጣፍ አነጠፍን። ከዚያ ያው ነው። መውደቅ፣ ግንባርን ምንጣፍ ማስነካት፣ መነሳት፤ ከጠዋት እስከ አመሻሽ። ብሌን ከእናቷ ጎን ቆማ ነበር። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ ሙሉ፣ ግሮሩድ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው ስታነሳና ስታስተኛ የኖረች ናት።

ቅዳሜ እናቷ ቤተ ክርስቲያን ስለቆየች ብሌንን ወደ ሜዳ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ግንባራችን ላይ ቄጤማ አስረናል። ሂልደ ታብሌቷን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀችን። የተቆጣች አትመስልም። ያዘነች ነው የምትመስለው፣ እሱ ደግሞ ይብሳል።

«አርብ የት ነበርሽ?»

«ነገርኩሽ እኮ። ቤተ ክርስቲያን።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ምስር በልቼ ተኛሁ።»

ሂልደ ታብሌቱን አዞረችልን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ትንንሽ ጉብታዎች ናቸው። አርብ ላይ ተራራ ቆሟል። «ቀኑን ሙሉ ስትወድቂና ስትነሺ ነው የዋልሽው» አለች። «ተደብቀሽ ስትለማመጂ ነበር። ከማን ጋር?»

ብሌን ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ አንተ ንገራት በቃ። ዬይ ኦርከር ኢከ» አለችኝ፤ አቅሙ የለኝም ማለቷ ነው።

የእኔ የኖርስክ ቋንቋ ለጽዳት ዕቃ ይበቃል። ለስግደት አይበቃም። ስለዚህ ወረድኩ። ሣሩ እርጥብ ነበር። ጉልበት፣ እጅ፣ ግንባር። ተነሳሁ። ተጫዋቾቹ ጫማቸውን ማሰር ትተው ያዩኝ ጀመር። ደገምኩ። በሦስተኛው ሂልደ ክርኔን ይዛ አነሳችኝ። ቄጤማዬ ዓይኔ ላይ ወርዷል።

«ይህን ቀኑን ሙሉ? ስንቴ?»

«አልቆጠርኩም» አለች ብሌን።

«ውሃስ?»

«ውሃ የለም።»

ሂልደ ታብሌቷን ብብቷ ሥር ሸጎጠች። ከኋላ አንዷ ልጅ ለጓደኛዋ «እኔ እኮ ሶፋ እንዳላነሳ ነው የተከለከልኩት» ስትላት ሰማሁ።

«አልዋሸሽኝም፣ አምኜሻለሁ» አለች ሂልደ በመጨረሻ። «ግን ዛሬ ተቀያሪ ነሽ።»

ለእምነት ነው እኮ፣ እንደ ልምምድ አይቆጠርም፣ ብዬ በተሰባበረ ኖርስኬ ጣልቃ ገባሁ።

«ገብቶኛል» አለችኝ። «ብሌንን የምትጥላት ልጅ ግን ለምን ደከመሽ ብላ አትጠይቃትም።»

ቄጤማዬን ከዓይኔ ላይ ወደ ግንባሬ መለስኩ።

ብሌን የገባችው ሃያ ደቂቃ ሲቀር ነው። መጀመሪያ አንዲት ግዙፍ ተጋጣሚን ብቻዋን ጣለች፣ ቶሎም ተነሳች። ሁለተኛም ጣለች። በሦስተኛው ስትነሳ እጇን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ጓደኞቿ አሥሩን ሜትር አፈግፍገው ተሰልፈዋል፤ የእሷ ቦታ ባዶ ነው። ተጋጣሚዎቹ በዚያ ባዶ ቦታ አልፈው አስቆጠሩ። ከብሔራዊ ቡድኑ የመጣው መራጭ ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ከጨዋታው በኋላ በተነበቡት ስሞች ውስጥ የእሷ የለም።

ወደ ሰፈራችን ወደ አመሩድ ስንመለስ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ ነበር። እኔ የማጽናኛ ቃል ስፈልግ ሦስት የትራፊክ መብራት አለፈ።

«ትናንት ቀትር ላይ እኮ አውቄው ነበር» አለችኝ። «እግሬ አልቋል። ልቀመጥ ነበር። ማሚ ግን አላቆመችም። እሷ ሳታቆም እኔ እንዴት ልቀመጥ?»

ስልኬ ጠራ። እህቴ ናት። ድምጿ በመኪናው ውስጥ ይሰማል።

«እንዴት ሆነች?»

«አልተመረጠችም፣ እትዬ። ደክሟት ነበር። ትናንት ስትሰግድ ውላ።»

እህቴ ድምጿን ከፍ አደረገች።

«ታዲያ ማን ያን ያህል ስገጂ አላት? እኔ ራሴ ቀትር ላይ ጉልበቴ ከድቶኝ ልቀመጥ ብዬ ነበር። ዞር ስል እሷ ትሰግዳለች። አፈርኩ። ልጅ እየሰገደች እናት ወንበር ትፈልግ? እሷ ብታቆም እኮ ያኔውኑ አቆም ነበር።»

ብሌን ከተጋደመችበት ቀና አለች።

«ማሚ» አለች። «የሚመጣው ዓመት ቀትር ላይ አብረን እንቀመጥ።»

«እሺ» አለች እናቷ። እሺታዋ ከመፍጠኑ የተነሣ ሦስታችንም፣ እሷም ጭምር፣ አላመንናትም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አሥራ አንደኛው ስግደት ላይ ነው ሄጄ የተቀመጥኩት። ማንም አላየኝም። ሁለቱ እርስ በርስ ሲተያዩ ነበር።