የክቡር ዋርሳዬ ሣጥኖች

በየቤተሰቡ፣ በእጁ ያልነካውን ነገር አለ ብሎ የማይቀበል አንድ ሰው አይጠፋም። እኛ ድርሻችንን ያገኘነው በባሌ ታላቅ ወንድም በኩል ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኛ ናቸው፤ ያለ ፊርማ እስክሪብቶ እንኳ ከማይወጣበት መጋዘን ጠዋት ገብተው አመሻሽ ላይ ይወጣሉ። ችግሩ፣ ሲወጡ መጋዘኑንም አብረው ይዘውት መውጣታቸው ነው።

ክቡርነታቸው የቪዲዮ ጌም ነፍሳቸው ነው። ግን እንደ ሰው ከኢንተርኔት አውርደው አይጫወቱም። ሱቅ ሄደው፣ ተሰልፈው፣ ሲዲውን ከነሣጥኑ ታቅፈው ካልመጡ ጌም ገዛሁ አይሉም። ገና አርባ አልሞላቸውም፤ አንቱ የምላቸው ለዕድሜያቸው ሳይሆን ለሣጥኖቻቸው ክብር ብዬ ነው።

ባሌ አንድ ቀን አፉን አዳልጦት "ያንን ጌም እኮ ዳውንሎድ አደረግሁት" አላቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አወረዱ።

"የታለ?"

"ማጫወቻው ውስጥ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ይሁን። አውጣና አሳየኝ።"

"እንዴት ይወጣል?"

"ለጓደኛህ ታውሰዋለህ?"

"አላውሰውም።"

"ሲሰለችህ ትሸጠዋለህ?"

"አልሸጠውም።"

"ድርጅቱ ነገ በሩን ቢዘጋስ?"

ባሌ ዞር ብሎ ማጫወቻውን አየው።

"እንግዲያው ጌም አልገዛህም፣ ወንድሜ። ሲፈቀድልህ ለመጫወት ከፈልክ።"

በእያንዳንዱ ሣጥን ክዳን ውስጥ በማስመሪያ የተሰመረች ወረቀት ለጥፈዋል፦ የተዋሰው ሰው፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፣ ፊርማ። የአንድ እናት ልጅ የሆነው ባሌም ሳይፈርም አይወስድም። ሲዲው ሲመለስ ወደ መስኮቱ ያነሡትና፣ ሐኪም ራጅ እንደሚያይ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጭረት ይፈልጋሉ። ጎረቤታችን አንዱን የማርማላታ ጣት አሳርፎበት የመለሰ ጊዜ፣ አንድ ወር ሙሉ ሰላም የተባባሉት በባሌ በኩል ነበር።

ይህ ሁሉ ባልከፋኝ፤ ግን ክፍላቸው ሞላና ሣጥኖቹ ወደ እኛ ሳሎን ተሻገሩ። አንድ ግድግዳ ያዙ። ያ ግድግዳ ደግሞ ለልጄ አልጋ የታሰበ ነበር። ሁለት ዓመት ሞልቷት እንኳ መሃላችን ትተኛ ነበር፤ እግሯ የጎኔን አጥንት አንድ በአንድ ያውቀዋል።

ስለዚህ ዘመቻ ከፈትኩ። እሳቸው አዲስ የወጣ ጌም ሊገዙ ቅዳሜ ከሰዓት ሲሰለፉ፣ እኔ ያንኑ ጌም ከሶፋዬ ሳልነሣ ላወርደውና ዘመኑን ላሳያቸው ተነሣሁ። ማጫወቻው ቦታ የለኝም አለ። እኔም መላ አላጣም፤ ከመሳቢያ ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ሰካሁበት። ማጫወቻው ረጅም ጽሑፍ አምጥቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ልጄ ቀሚሴን እየጎተተች ነበር። "እሺ" የሚለውን ተጫንኩ። ጌሙ መውረድ ጀመረ። ደስ አለኝ።

ጽሑፉ ለካ "እዚህ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል" ነበር የሚለው።

ስልኬ በሞላ ቁጥር የልጄን ፎቶና ቪዲዮ የማዛውረው ወደዚያ ሃርድ ዲስክ ነበር። ሌላ ቦታ የለም። ከሆስፒታል ስንወጣ፣ የመጀመሪያ ጥርሷ፣ የመጀመሪያ እርምጃዋ። መቼም ያ እርምጃ ወደ እኔም ወደ አባቷም አልነበረም፤ አጎቷ በእጃቸው ወደያዙት ሰማያዊ ሣጥን ነበር። ቢሆንም እርምጃ ነው።

ባሌ ገብቶ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። "ባዶ ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ለአንድ ኮምፒውተር ጠጋኝ ደውለን ጠየቅነው፤ በላዩ ላይ ጌም ከተጫነበት ተስፋ አታድርጉ አለን።

በማግስቱ ክቡርነታቸው አዲሱን ሣጥን ታቅፈው መጡ። ፊቴን አዩና ሣጥኑን አስቀመጡት።

"ምን ሆነሻል?"

ነገርኳቸው። "የታለ?" እስኪሉኝ አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ። አላሉም። ወደ ግድግዳው ሄዱ፣ ከታችኛው ረድፍ ጥግ ተንበረከኩና ጀርባው ላይ "የወንድሜ ልጅ" የሚል ጽሑፍ ያለበት ሣጥን መዘዙ።

"ከሁለት ወር በፊት ያንን ሃርድ ዲስክ ላንድ ቀን ወስጄብሽ አልነበር?"

"ወስደው ነበር።"

"ፈርሜልሽም ነበር።"

እውነት ነው። ወረቀቷን ስቄባት ጥያታለሁ።

"ያኔ ወደ ሲዲ ገለበጥኩት፤ ስድስት ሲዲ ሞላ። አንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ንብረት ያሳስበኛል። የሥራ ጠባይ ነው፣ ይቅር በይኝ።"

ይቅር በይኝ አሉኝ፣ እኔን። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከሁለት ዓመት ውስጥ የቀረብን የሁለት ወር ብቻ ነው ማለት ነው። እጄን ወደ ሣጥኑ ስዘረጋ ግን እስክሪብቶ ቀደመኝ።

"መጀመሪያ ፈርሚ።"

"ጋሼ፣ የራሴ ልጅ እኮ ናት።"

"ልጅቷማ ያንቺ ናት። ሣጥኑ የኔ ነው።"

ክዳኑን ከፈትኩ። ወረቀቷ ባዶ አልነበረችም። ስምንት መስመር ተሞልቷል። ቅዳሜ የወጣ፣ እሑድ የተመለሰ፤ ቅዳሜ የወጣ፣ እሑድ የተመለሰ። የተዋሰው ሰው ስምም፣ ፊርማውም ስምንቱም ላይ የእሳቸው ነው። የራሳቸውን ሣጥን ብቻቸውን ወደሚኖሩባት ክፍል ለመውሰድ፣ በየሳምንቱ ለራሳቸው ፈርመዋል። ቀና ብዬ ሳያቸው መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ነበር፤ ንጹሕ ነበር መነጽሩ።

ዘጠነኛው መስመር ላይ ፈረምኩ።

የልጄ አልጋ ሳሎን ገብቷል። ከሥሩ መደርደሪያ አለው፤ የሣጥኖቹን ቁመት ራሴ ለክቼ ለአናጢው የሰጠሁት ነው። የተመለሰበት ቀን የሚለው ቦታ ግን እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ክቡርነታቸው በየሳምንቱ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ይጠይቁኛል።

"የታለ?"

"እኔ ጋ ነው፣ ጋሼ። ቅዳሜ ይምጡና አብረን እናየዋለን።"

ይመጣሉ። እስክሪብቷቸውን ይዘው።