ዝርዝር የሚጽፍ አባት

እናንተ ሰፈር ዝርዝር የሚጽፍ አባት አለ? ዓመቱን ሙሉ ጓዳ ሳይገባ ከርሞ፣ ሽርሽር ሲመጣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ አዛዥ የሚሆን? ሮቤ ውስጥ አንድ አውቃለሁ። ስሙን ልደብቃችሁ ነበር፤ እኔ ነኝ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ፋታ ሲሰጠን ልጆቹን ከጎባ በላይ ካለው መስክ ልናናፍስ ተነሳን። ባለቤቴ ለሊሴ ማልዳ ቀይ ወጥ ሠራች። እኔ ዕቃውን ባጃጅ ላይ አስጫንኩ። ድስቱ በጋቢ ተጠቅልሏል፤ ምንጣፍ አለ፤ ጃንጥላ አለ፤ የእጅ መታጠቢያው ጆግ እንኳ አልቀረም። ለሊሴ «እኔ ምልህ...» ስትል፣ «ዝርዝሩ ላይ ያለው ሁሉ ተጭኗል» ብዬ ዘጋኋት።

መስኩ ላይ ድስቱን ስከፍት ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ከበቡኝ። የአምስት ዓመቷ ሲፈን፣ «አባ፣ እንጀራውስ?» አለች።

ዝርዝሬን አውጥቼ ሁለቴ አነበብኩት። እንጀራ የለም። እንዴት ይኖራል? በዚህ ዕድሜዬ እንጀራ ሰው የሚያመጣው ነገር መሆኑን መቼ አወቅሁ? ሁልጊዜ ወጡ ሥር ተነጥፎ ነው የማገኘው።

ለሊሴ ቀስ ብላ ከቦርሳዋ አንድ ዕቃ ጩኮ አወጣች፤ በቅቤ የታሸ የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው። ልጆቹ ተሻሙበት። እኔ ድስቴን አቅፌ ቀረሁ።

«እንጀራ እንዳልያዝን አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ጩኮ እያጎረሰችኝ፣ «ዝርዝሩ ላይ እኔ አልነበርኩማ» አለች።