ነጮቹ አይወርዱም ያልኩ ለት

ኳስ በመደገፌ "ጸረ አብዮት" ተብዬ ቀበሌ ገብቼ አውቃለሁ ብላችሁ ታምናላችሁ?

አትመኑ። እኔም አንዳንዴ አላምንም።

ዛሬ አንዷ ፎሎወሬ "በዚህ ዕድሜሽ ኳስ ምን ያገባሻል?" የሚል ኮሜንት ጻፈችልኝ። እህቴ፣ ቁጭ በይ። ይህ ፖስት ላንቺ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። እኔ ገና ሃያ ዓመት አልደፈንኩም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ነኝ፤ ቀጨኔ አንድ የልብስ ስፌት ማኅበር ውስጥ የደንብ ልብስ እሰፋለሁ።

አጠገቤ ያለው የስፌት መኪና ላይ የሚቀመጠው ልጅ ጌታሁን ይባላል። ትንሽ ራዲዮ አለችው። ቅዳሜ ምሽት ከለንደን የእንግሊዝን ሊግ ውጤት ይሰማና ሰኞ ጠዋት ለእኛ ይዞ ይመጣል።

ላይቭ ስኮር የለም። ቪኤአር የለም። ያለው ጌታሁን ነው!

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጌታሁን የቀይ ለባሾቹ ደጋፊ ነው። ያኔ ቀዮቹ ዋንጫ የሚበሉት እንደ ቁርስ ነበር።

እኔ ደግሞ የነጭ ለባሾቹ ነኝ።

ለምን አትሉኝም? ጌታሁን ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ አንድ የተቀዳደደ የስፖርት መጽሔት ላይ ፎቷቸውን አየሁ። ከላይ እስከ ታች ነጭ! ማሊያው ነጭ፣ ቁምጣው ነጭ፣ ካልሲው ሳይቀር ነጭ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ነጭ ሲሸምን ነው የኖረው። እነዚያ ፈረንጆች እሱ የሸመነውን ለብሰው የወጡ መሰለኝ።

በቃ። ያን ቀን ገባሁበት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣሁም።

አባዬ ኳስ አይቶ አያውቅም። ግን ሰኞ ከሥራ ስመለስ፣ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠ "ልጆቻችን እንዴት ሆኑ?" ይለኛል።

"ተሸነፉ አባዬ።"

"እሺ" ይልና መወርወሪያውን ይወረውራል። እንደገና አይጠይቀኝም። እስከሚቀጥለው ሰኞ!

ያን ዓመት ደግሞ ነጮቹ ከመሸነፍም አልፈው ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ሊወርዱ ጫፍ ላይ ደርሰዋል። እኔ ግን ተስፋ መቁረጥ አላውቅም። ይሄ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱን የሚያውቅ ኢንቦክስ ያድርግልኝ።

ወደ ውርደቴ ልግባ።

ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ተባለ። እኔና ጌታሁን ሄደን ተሰለፍን። ሰልፉ እባብ ነው፤ ጫፉ አይታይም። ታዲያ ሰልፍ ላይ ምን ይሠራል? ኳስ ይወራል!

"ነጮቹ አልቆላቸዋል" አለኝ። "ቅዳሜ ቀዮቹ ይቀብሯቸዋል።"

ደሜ ፈላ።

"ቅዳሜ ታያለህ!" አልኩት። ድምፄን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ እንጦጦ ድረስ ይሰማል። "ቀዮቹን በገዛ ሜዳቸው ነው የምናዋርዳቸው! ግራ ክንፋቸው ደክሟል። በቀኝ ክንፍ ገብተን ነው የምንመታቸው! ነጮቹ ገና ይነሳሉ!"

ሰልፉ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ልጆች፣ እዚህ ላይ ለእናንተ ማብራራት አለብኝ። ቀይ ሽብር ካለፈ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ ቃሉ ግን አላለፈም። "ቀይ" ማለት አብዮቱ ነው። "ነጭ" ማለት ጠላቱ። በዚያ ቃል ከስንቱ ቤት ሰው ወጥቶ ቀርቷል። የአጎቴን ልጅ የወሰዱት እዚያው ከሽሮ ሜዳ ነው።

እኔ ደግሞ በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ቅዳሜ ቀዮቹን በቀኝ ክንፍ እንደምንመታ አዋጅ እየነገርኩ ነው!

ከፊቴ የነበረችው ሴትዮ ሰልፉን ጥላ ሄደች። ስኳሯን ትታ! ነገሩ ምን ያህል እንደከፋ የገባኝ ያኔ ነው።

ከኋላዬ አንድ ቀዝቀዝ ያለ ድምፅ መጣ። "ጓዲት፣ ቅዳሜ ምንድን ነው የታሰበው?"

ዞር ስል የአብዮት ጥበቃ ጓድ ነው። ጠመንጃው ትከሻው ላይ።

ሁለታችንንም ቀበሌ ወሰዱን። መጀመሪያ ጌታሁንን ጠየቁት። "አንተ የየትኞቹ ነህ?"

"የቀዮቹ።"

ትከሻውን መታ መታ አድርገው ለቀቁት! ሲወጣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

ተራዬ ደረሰ። ሊቀመንበሩ ካኪውን ቆልፎ፣ ጠረጴዛው ላይ ክርኑን አስደግፎ ተቀምጧል።

"ነጮቹ ስንት ናቸው?"

"አሥራ አንድ።"

"የት ነው የሚሰባሰቡት?"

"እንግሊዝ አገር፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"ከኢምፔሪያሊስቶች ጋር!"

"ኳስ ነው! እ... ማለቴ፣ የእግር ኳስ ቡድን ነው!"

"አጥቂስ አላቸው?"

"ሁለት አላቸው። አንዱ ቆስሏል።"

ምን አፌን አስከፈተው! ሊቀመንበሩና ጥበቃው ተያዩ።

አሁን ስጽፈው እየሳቅኩ ነው። ያኔ ግን ከግድግዳው ማዶ የታሰረ ሰው ያስላል። ሳሉ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ በሩ ተከፈተና አባዬ ገባ።

ለካ ጌታሁን ቀበሌውን እንደለቀቀ ሽሮ ሜዳ ድረስ በሩጫ ሄዶ ነግሮታል። አባዬ ጸጉሩ ላይ ጥጥ እንዳለ ነው የመጣው። አባዬ ባለሥልጣን ፊት ቀና ብሎ የሚያወራ ሰው አይደለም። መንገድ ላይ በሸማኔነቱ ሲሰድቡት እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው።

ያን ቀን አልደፋም።

"ነጮቹን የወደደችው በእኔ ነው" አለ። "ነጭ የምሸምነው እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ እሷን ልቀቋትና እኔን እሰሩኝ።"

ሊቀመንበሩ ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። "አንተም ታውቃቸዋለህ?"

"እንዴት አላውቃቸው? ልጆቻችን ናቸው። ሁልጊዜ ይሸነፋሉ።"

ጥበቃው ሳቁ አመለጠው። አፉን በእጁ ቢይዝም አልቻለም። ያ ሳቅ ነው ያተረፈኝ! ሁልጊዜ የሚሸነፍ ድርጅት ለአብዮቱ እንደማያሰጋ የገባቸው መሰለኝ።

እንዲሁ ግን አልለቀቁኝም። እሁድ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ወጥቼ ግለ ሂስ ላደርግ ተወሰነ። ማለት በሕዝብ ፊት ራሴን ልወቅስ። "'ነጮቹን በመደገፌ ተሳስቻለሁ፣ ከእንግዲህ የቀዮቹ ነኝ' ትያለሽ" አለኝ ሊቀመንበሩ። "ከዚያ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

ቀላል ነው አይደል?

ቅዳሜ ነጮቹ ምን ሆኑ ካላችሁ፣ ተሸነፉ። ለእነሱ ብዬ ልታሰር ነበር እኮ!

እሁድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ያልመጣ ስለሚቀጣ ያልመጣ የለም። ስሜ ተጠራ። ወጣሁ። ጌታሁን ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ "በያት ዝም ብለሽ" ይለኛል በከንፈሩ።

"ጓዶች" አልኩ። "ነጮቹን በመደገፌ..."

አባዬን አየሁት። ከኋላ ቆሟል። የክት ጋቢውን ለብሷል።

"ተሳስቻለሁ" የምትለዋን ቃል ዘለልኳት።

"...ሰልፍ ላይ ጮኼ ሰው ማስደንገጤ ስህተት ነው። ይቅርታ እጠይቃለሁ። የቀዮቹ ግን አይደለሁም። ነጮቹም አይወርዱም!"

ወይኔ ጉዴ! ጌታሁን ዓይኑን ጨፈነ። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ብድግ አለ።

እሱ አፉን ሳይከፍት እማማ ተዋበች እጃቸውን አወጡ። ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጃቸው በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ተወስዶ የት እንደገባ አልታወቀም። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ አንድ ቀን ተናግረው አያውቁም።

"አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉ። "ከወረዱስ የት ነው የሚወስዷቸው?"

"ታችኛው ዲቪዚዮን ነው፣ እማማ።"

"ከዚያ ይመለሳሉ?"

አዳራሹ ውስጥ ስለ ኳስ እንዳልጠየቁ የማያውቅ አልነበረም። ሊቀመንበሩም ያውቃል፤ ቆሞ ጫማውን ያያል።

"ይመለሳሉ፣ እማማ" አልኩ። "ጊዜ ይፈጃል እንጂ ይመለሳሉ።"

"እሰይ" ብለው ተቀመጡ።

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ግለ ሂሱ ተቀባይነት አግኝቷል!" ብሎ መፈክሩን በጥድፊያ አሰምቶ ስብሰባውን ዘጋው። ለምን እንደተወኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም ሄጄ አልጠየቅኩም፣ ሞኝ አይደለሁም!

ወደ ቤት ስንሄድ አባዬ መሐል መንገዱን ይዞ፣ ቀና ብሎ ሄደ። ያገኘውን ሰው ሁሉ አቁሞ "ልጄ ናት" ይላል። የሚያውቁኝን ሰዎች እኮ ነው!

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጀግና ሆኜ እቀር ነበር።

ነጮቹ ወረዱ።

ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ኳስ ክብ ትሁን አራት ማዕዘን የማያውቅ ሁሉ "እንዴት ሆኑ?" ይለኝ ስለነበር ወሬው በአንድ ቀን ሰፈሩን አዳረሰው። ከሥራ ስመለስ ቤታችን ሰው ሞልቷል። አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት መጥቷል። እኔን ሲያዩ ተነሱና "እግዜር ያጥናሽ!" አሉኝ።

አንዷ ንፍሮ ቀቅላ አምጥታለች። ንፍሮ! ለኳስ ቡድን!

ጌታሁንም መጣ። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። እሱ ግን ባርኔጣውን አውልቆ ጥግ ላይ ተቀመጠና እፍኝ ንፍሮ ዘግኖ አንገቱን ደፋ። የቀዮቹ ደጋፊ ለነጮቹ ለቅሶ ተቀመጠ!

እማማ ተዋበች አጠገቤ መጥተው እጄን ያዙኝ።

"መቼ ነው የሚመለሱት?"

"እኔ እንጃ፣ እማማ።"

"ግድ የለም። አብረን እንጠብቃለን።"

በዚያ ቀን ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። የኮራሁትንም ያህል ኮርቼ አላውቅም። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ እንደሚገቡ የገባችሁ ካላችሁ አስረዱኝ።

አሁን ኮሜንቱ ክፍት ነው። ዋንጫ የለመዳችሁ ግን እባካችሁ ዝም በሉ፣ እናንተ ምን ታውቃላችሁ? ለቡድኑ ንፍሮ የተቀቀለለት ብቻ እጁን ያውጣ!

ማንም የለም?

እኔ ብቻ ነኝ?