ሐጂ ሲቆሙ

ሰው ወገብ እንዳለው የሚያውቀው ሲያመው ነው። እስከዚያ ድረስ የቀበቶ ማሰሪያ ይመስለዋል። እኔማ ዕድሜ ልኬን ቆሜ ሳስተምር አንድ ቀን እንኳ አስታውሼው አላውቅም። ጡረታ ወጥቼ፣ «እንግዲህ መጽሐፌን ልጻፍ» ብዬ ወንበር ላይ በተደላደልሁ በዓመቱ ግን አመጸ። ጠዋት ተቀምጬ ረፋድ ላይ ልነሳ ስል እኔ ተነሳሁ፤ እሱ አልተነሳም። ጽሕፈት ቀላል ሥራ ነው የሚል ሰው ካለ ወገቤን ይጠይቅ።

የምጽፈው ስለ አንድ የበቅሎ ነጋዴ ነበር። ከጎንደር ጨርቅ ጭኖ ወደ ሳንጃ ይወርዳል፣ ሰሊጥ ጭኖ ይመለሳል። አስቡት እንግዲህ። ያ ሰውዬ በወረቀቱ ላይ የአርማጭሆን ቁልቁለት ሲያቋርጥ፣ እኔ ከወንበሬ እስከ በሩ መድረስ አቃተኝ።

ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ልጅ እግር ነው። ክኒን ያዝልኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «መምህር፣ የእርስዎ መድኃኒት ብር አያስወጣም» አለኝ። ደስ አለኝ። ጡረተኛ ነኝ፣ ያውም ጸሐፊ፤ ከዚህ የተሻለ ዜና ከየት ይመጣል? «በየቀኑ ፈጠን ብለው ይራመዱ። ብቻ አይቁሙ! እየቆሙ መሄድ መሄድ አይደለም» ብሎ አስጠንቅቆ ሸኘኝ።

መጀመሪያ አቋራጭ ፈለግሁ። የማይፈልግ ማን አለ? አጎቴ መሪጌታ ናቸው። ማኅሌት ቆመው ያድራሉ፤ ወገባቸው ግን ዛሬም እንደ ጽድ ቀጥ ያለ ነው። ምስጢሩን ብጠይቃቸው፣ «መቋሚያ ነዋ!» ብለው፣ ሲዘምሩ የሚደገፉትን ረጅም ዘንግ አንዱን ሰጡኝ። እሱን ብብቴ ሥር ሸጉጬ፣ ወረቀቴን ኮሞዲኖው ላይ ዘርግቼ፣ ቆሜ ልጽፍ ሞከርሁ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ሆና ስታየኝ ቆየችና፣ «ከበሮውንስ ማን ይምታልህ?» አለችኝ። መቋሚያው በዚያው ወደ ጥግ ገባ።

ስለዚህ መራመድ ቀረኝ። ለመሆኑ ጎንደር ውስጥ ያለ ጉዳይ ተራምዳችሁ ታውቃላችሁ? የሚያገኛችሁ ሁሉ «ወዴት ነው?» ይላል። «እንዲያው ነው» ብትሉት አያምናችሁም። እንዲያው የሚሄድ ወንዝ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋቱ ብርድ ስለነበር ጋቢዬን ተከናንቤ ወጣሁ። ፈጠን በል ተብያለሁና ፈጠን አልሁ። ወገቤ ስለሚወጋኝ ፊቴን አኮማትሬያለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ከበራቸው ሆነው አዩኝ። ምንም አልጠየቁኝም። በእኛ ዘንድ መርዶ የደረሰውን ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ማን ሞተብህ?» የሚል የለም፤ ነጠላ ዘቅዝቆ ከኋላ መከተል ነው። እትዬ ዘውዴ ተከተሉኝ። እሳቸውን ያየች ጎረቤት ተከተለች። እሷን ያየ ሌላ ሰው ሱቁን ዘግቶ ተከተለ። ፋሲል መዋኛ ደርሼ ልመለስ ዞር ስል፣ የሰፈሩ እኩሌታ ከኋላዬ ቆሟል። አንዷማ ለቅሶዋን ጀምራለች።

«ማን ነው?» አሉ እትዬ ዘውዴ በስተመጨረሻ።

«ማንም አይደለም። ለወገቤ ነው የምራመደው» አልሁ።

የምታለቅሰዋ ሴት አፍንጫዋን ጠረገች።

«ታዲያ ምነው እንዲህ ያለ ፊት ይዘህ?» ብለው ተቆጡ እትዬ ዘውዴ። «ለወገብ ከሆነ እየሳቅህ አትሄድም?»

በማግሥቱ እየሳቅሁ ሄድሁ። የዚያን ቀን ወሬ ደግሞ ከእኔ ቀድሞ ባለቤቴ ዘንድ ደረሰ። በሦስተኛው ቀን አንድ ባጃጅ አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ የድሮ ተማሪዬ ነው። «ጋሼ! እኔ በሕይወት እያለሁ እርስዎ በእግርዎ?» ብሎ፣ ብለምን ብገዝት አልሰማ አለኝ፤ ጭኖ ቤቴ አስገባኝ። ተማሪ ቤት ሳለ እንዲህ ያለ ታዛዥ አልነበረም።

ያዳኑኝ ሐጂ ኑሩ ናቸው።

ሐጂ አራዳ ላይ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው ነው የሸጡት። ስኳር ስላለባቸው ሐኪሙ እሳቸውንም ተራመዱ ብሏቸዋል። የለቅሶውን ነገር ሳጫውታቸው በሳቅ ብዛት መለኪያ ሜትራቸው ከእጃቸው ወደቀ። «አንተ መምህር፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ችግር ያለበት ሰው ነው» አሉኝ። «ሁለት ሆነው የሚሄዱ ግን ወግ ይዘዋል። ማን ይጠይቃቸዋል?»

ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? እውነትም ማንም አልጠየቀን። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላታቸውን ሲጨርሱ ሱቁን ይዘጋሉ፤ ቁልቁል ወደ ፋሲል መዋኛ እንወርዳለን፤ ሥሩ ግንቡን በጣቶቹ የጨበጠውን ዋርካ ተሳልመን ዳገቱን እንመለሳለን። ሰው ሲያየን ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል።

ሐጂ ግን አንድ ዐመል ነበረባቸው። እየተጫወቱ መሄድ አይችሉም። ጨዋታው ሞቅ ሲል እግራቸው ቀጥ ይላል። በትራቸውን መሬት ላይ ይተክሉና፣ ስለ እሱ የሚያወሩት ሰው ሙቶ እስኪቀበር ድረስ አይነቃነቁም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ከሐጂ ጋር የወጣ እንቁላል ግን መንገድ ላይ ይፈለፈላል።

ምን ይሻላል? ወሬውን እኔ ልያዝ አልሁ። የበቅሎ ነጋዴዬን ታሪክ፣ በየቀኑ የጻፍሁትን ያህል እነግራቸው ጀመር። ሲሰሙ ዝም ብለው ይሄዳሉ ብዬ ነው። ሄዱም። በመጀመሪያው ቀን እንዲያውም ቀድመውኝ ሄዱ፤ ስለ ወንዙና ስለ ደመናው በሰፊው የጻፍሁበት ምዕራፍ ነበር። በማግሥቱ በቅሎዋ ከገደል አፋፍ ላይ ስትንሸራተት፣ ሐጂ ቀጥ አሉ።

ነገሩ የገባኝ ቀስ እያለ ነው። መጥፎ ምዕራፍ በላብ አጥምቆ በጊዜ ቤታችን ያስገባናል። ጥሩ ምዕራፍ ዋርካው ሥር ገትሮ ያስመሸናል። እንግዲህ ምን ልሁን? ለወገቤ ብዬ አሰልቺ ልጻፍ? ወይስ ለመጽሐፉ ብዬ ልጉበጥ?

«ሐጂ፣ እንሂድ እንጂ፤ ሐኪሙ አትቁሙ ብሏል» እላቸዋለሁ።

«በቅሎዋ ገደል ላይ ተንጠልጥላ? ጥያት ልሂድ? አንተ አረመኔ!» ይሉኛል።

እንዲህ ስንሄድ፣ ማለቴ እንዲህ ስንቆም፣ ዓመታት አለፉ። መጽሐፉም እየተገባደደ መጣ። የቀረኝ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር። በዚህ መካከል የሐጂ እግር ቆሰለ። የስኳር ቁስል ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ቶሎ አይሽርም። እንፍራንዝ ያለችው ልጃቸው መጥታ፣ «ከእንግዲህ ብቻዎን አይኖሩም» ብላ ይዛቸው ሄደች። መኪናው ሲነሳ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ነጋዴውን ያለኔ አገር እንዳታስገባው!» አሉኝ። እሺ አልሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን እራመዳለሁ። ሰፈሩ ስለለመደኝ «ወዴት ነው?» የሚለኝ የለም። አሁን ጥያቄው «ሐጂስ?» ሆኗል። እትዬ ዘውዴ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ በየቀኑም «ደህና ናቸው» እላለሁ። የሱቃቸው በር ላይ የሞባይል ሽፋን ተንጠልጥሏል። ዋርካው ዘንድ ስደርስ እግሬ በልማድ ይቆማል። ጎኔን አያለሁ። ሰው የለም። እሄዳለሁ።

ሐኪሙ ዘንድ ስመለስ መርምሮኝ ተደነቀ። «ጎበዝ መምህር! ምን አድርገው ነው?» አለኝ። «አሁን ሳልቆም ነው የምሄደው» አልሁት። የምሥራች የነገርሁት መሰለው። ወገቤ ዳነ፤ መጽሐፌ ታመመ። የመጨረሻውን ምዕራፍ እጽፋለሁ፣ እቀድደዋለሁ። ጥሩ ይሁን መጥፎ በምን አውቃለሁ? ዳር እስከ ዳር የሚያነቡ፣ «ግሩም ነው» የሚሉኝ ወዳጆች አሉኝ። ነገር ግን ግሩም የሚል ሁሉ እየሄደ ነው የሚለው።

በመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፍሬ እንፍራንዝ ወረድሁ። ሐጂ በልጃቸው ቤት ደጃፍ፣ የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ቁልቁል በሚያይበት ቦታ ተቀምጠዋል። የታመመው እግራቸው በርጩማ ላይ ተዘርግቷል። ከስተዋል። እጃቸው መቁጠሪያውን ይገፋል።

«መጣህ፣ አንተ ሰባራ ወገብ!» አሉኝ። ተሳሳምን። ትንሽ ቆይተው፣ «በቅሎዋ ደህና ናት?» አሉ።

«እሷስ ደህና ናት። ያስቸገረኝ ባለቤቷ ነው» አልኋቸው።

«በል እስቲ ንገረኝ።»

ጀመርሁ። ወዲያው ግን ደነገጥሁ። ሐጂ እኮ ተቀምጠዋል! የማይሄድ ሰው መቆሙ በምን ይታወቃል? ዝም ብዬ ቀጠልሁ። ነጋዴው ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ የመንገዱን አቧራ፣ የሰማዩን መልክ እተርካለሁ። ዓይኔ እጃቸው ላይ አረፈ። መቁጠሪያው ፍሬ በፍሬ እየፈጠነ ይሄዳል። አወቅሁት! ያ የደመናው ቀን እርምጃ ነው። ሰማዩንም አቧራውንም እዚያው ጣልሁና ሰውዬውን በሩ ላይ አቆምሁት። አንኳኳ። ሚስቱ ከፈተችለት። አላወቀችውም። እሱም እኔ ነኝ ማለት አቅቶት፣ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፤ አሳድሪኝ» አላት።

የሐጂ ጣቶች ቆሙ።

አንዷን ፍሬ እንደያዙ ቀሩ። እኔም መተረኬን አቆምሁ። ጣቶቻቸውን አያለሁ። ዋርካው ሥር ያለን መሰለኝ።

ሐጂ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምነው?» አሉኝ። «ሐኪሙ አትቁም አላለህም?»