የዴንግ አባት ለቅሶ

ወላሂ ብዬ ብምልልህም አታምነኝም። ግድ የለም፣ አትመን። ብቻ ሳልጨርስ እንዳትነሳብኝ።

ይሄ ውጭ አገር ሄዶ መማር የሚሉት ነገር አለ አይደል? ሰው ሁሉ ውጭ አገር ሲባል አውሮፕላን ይታየዋል፣ በረዶ ይታየዋል። ውጭ አገር ግን እኔ ግቢ ውስጥ ነው። እንዴት አትለኝም? ዴንግ የሚባል የጤና ተማሪ ከደቡብ ሱዳን መጥቶ እኔ ጋ ክፍል ተከራይቶ አራት ዓመት ኖሯል። ለሱ ውጭ አገር ማለት ደሴ ናት። ትምህርት ቤትን በአጥሩ በኩል ብቻ የማውቀው ሰውዬ፣ ከኩታበር አህያ እየነዳሁ የመጣሁት፣ ቁጭ ባልኩበት ውጭ አገር ሆኜ አረፍኩት።

ዴንግ ረጅም ነው። ምን ያህል ብትለኝ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ዝናብ መጀመሩን ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። በራችን ደግሞ ለኛ ቁመት የተሠራ ነው። በገባ በወጣ ቁጥር ጎንበስ ይላል። ባለቤቴ ከድጃ እጅ እየነሳት መስሏት፣ እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ አይቼ አላውቅም እያለች ሦስት ወር ሙሉ በየቤቱ አወራች። አላረምኳትም። ጨዋስ ጨዋ ነው። ጎንበስ ያሰኘው ግን ጉበኑ ነው።

የደሴ ብርድ መጀመሪያ ላይ ሊጨርሰው ነበር። ሁለት ጋቢ ደርቦ ያጠናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዞ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ምን ልትሠራ ብዬ ብጠይቀው፣ ልሞቅ አለኝ። ፀሐይ ላይ ውሎ ሲመለስ ሰውነቱ እንደ ትኩስ ዳቦ ይፋጃል። ከድጃ ሊጡን አጠገቡ ታስቀምጠው ነበር፣ ቶሎ ኩፍ ይበልልኝ ብላ።

ባህሉንም ለመደ። መጀመሪያ ምግብ ጀባ ስንለው በአንድ ቃል እሺ ብሎ ይበላ ነበር። በዓመቱ ሦስት ጊዜ እምቢ ማለት ቻለ። በሁለተኛው ዓመት እሱ ራሱ በሞቴ እያለ ያጎርሰን ጀመር። አላህ ይስጠውና፣ የከድጃን የመድኃኒት ወረቀት አንብቦ የሚያስረዳን እሱ፣ ደም ግፊቴን የሚለካኝ እሱ። ልጆቻችን አረብ አገር ገብተው ቤቱ ጭር ብሎብን ነበር። ሞላልን።

አንድ ነገር ግን አልገባው አለ። የአንዲት ጎረቤታችን ወንድም ኮምቦልቻ ሞቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያወቀ እሷ ሳትሰማ አደረች። ዴንግ ተናደደ። ስልክ እያለ ለምን አይነገራትም አለ። ሞት በስልክ አይነገርም ብዬ አስረዳሁት። ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ጋቢያቸውን ለብሰው በርህ ላይ ከቆሙ፣ ሰላምታ ካሳጠሩና ግባና ተቀመጥ ካሉህ፣ መርዶ ነው፤ ያኔ ታለቅሳለህ አልኩት። ልጁ ደብተር አውጥቶ ጻፈው። እኔም መምህር ሆንኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

በመጨረሻው ዓመት አባቱ አገራቸው ላይ ታመሙ። ዴንግ ሁለት ጊዜ ሻንጣውን አሰረ፣ ሁለት ጊዜ ፈታ። ቢሄድ የመጨረሻው ፈተና ያመልጠዋል፣ የአራት ዓመት ልፋቱም ይበላሻል። ቢቀር ደግሞ አባቱን ዳግም ላያያቸው ነው። አባትየው በስልክ ጨርሰህ ና አሉት። ቀረ። ምግብ ግን አልወርድ አለው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ፊቱ አመድ ይመስላል።

ምን ላድርግለት? እውቀት የለኝ። ያለኝ ሰው ነው። በፈተናው ቀን ጠዋት ሽማግሌ አምጥቼ ላስመርቀው አልኩ። አንተ እድር የምትለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። የቅሬያችንን ሰብሳቢ አባ ይመርን ለመንኳቸው፤ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ፈተናው ሁለት ሰዓት ስለሆነ ጎህ ሳይቀድ መጡ። ብርድ ስለሆነ ጋቢ ለብሰው መጡ። ዱዓውን በሆዳቸው እያሰናዱ ስለነበር ዝም ብለው መጡ። ይሄ ሁሉ ሲደመር ምን እንደሚመስል እኔ መምህሩ አላሰብኩትም።

ዴንግ መፋቂያውን እንደያዘ በሩን ከፈተ። አባ ይመር ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣

«ልጄ፣ ግባና ተቀመጥ» አሉት።

መፋቂያው ወደቀ። አባቴን ብሎ የጮኸው ጩኸት ኩታበር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሌሊት ተደውሎለት ኖሯል ብለው እነሱም ለቀቁት። ከድጃ መቀነቷን አጥብቃ እያነባች ወጣች። እኔስ? ለምርቃት እንደመጣን እያወቅኩ፣ ሁሉም ሲያለቅስ ያልሰማሁት ነገር አለ ብዬ ከሁሉም በላይ አለቀስኩ። አይቻቸው የማላውቀውን ሰው ደግነታቸውን፣ የከብታቸውን ብዛት፣ የበሬዎቻቸውን ቀንድ ሳይቀር እየዘረዘርኩ አስለቀስኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ግቢያችን ገባ። የቅሬው ጎረምሶች ድንኳን ተሸክመው ደረሱ።

ካስማ መምታት ሲጀምሩ ከድጃ እንባዋን ጠረገችና፣ ለመሆኑ የነገረው ማነው አለች። ዴንግ አባ ይመርን አየ። አባ ይመር ዴንግን አዩ። ከዚያ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

የዴንግን ስልክ ነጥቄ አባቱ ጋ ደወልኩ። ጠራ። ጠራ። የሽማግሌ ድምፅ ሄሎ ሲል ዴንግ ስልኩን መልሶ ነጥቆኝ በቋንቋቸው ጠየቃቸው። ለካ ሟቹ ተሽሏቸው፣ ከአልጋ ተነስተው ቁርሳቸውን እየበሉ ነው።

ለቅሶው ሰዓቱን በልቶት ሁለት ሰዓት ሊሞላ ነው። ዴንግን አጣጥፈን ባጃጅ ውስጥ ከተትነው፤ እኔና አባ ይመር ግራና ቀኝ ገባን። አባ ይመር ያሰናዱትን ዱዓ በየጉድጓዱ እየነጠሩ አወረዱት። ፈተናውን አልፏል፣ ልብህ ይረፍ፤ ዛሬ አገሩ ላይ በሽተኛ ያክማል።

ባጃጁ ውስጥ ሆኖ ግን ለአባቱ የሆነውን ሁሉ በቋንቋቸው አጫወታቸው። ሽማግሌዎቹን፣ እንባውን፣ ድንኳኑን። ቆመው በሚሄዱ ሰው ላይ ለቅሶ መቀመጣችን ሟርት ሆኖባቸው ተቀየሙን ብዬ ፈራሁ። አባ ይመርም ይቅርታ ጠይቅልኝ ልጄ አሉት። ጠየቀላቸው። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠርገው አንድ አጭር ነገር ተናገሩ። ዴንግ በዚያ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀና ወደኛ ዞረ።

«እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ። ደግሞስ፣ ለቅሶዬ ላይ ያልመጣው ማነው? ይላሉ።»